የያዘኝ ሰው

ካፌ ስገባ መጀመሪያ የማየው ባዶ ወንበር አይደለም፤ ሰዉን ነው። ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ እቀመጥና አንድ በአንድ እመዝናቸዋለሁ። ያ ጋዜጣ የዘረጋው ወፍራም ሰውዬ ድንገት ቢላ ቢመዘዝ ይነሳል ወይስ ጠረጴዛ ስር ይገባል? አስተናጋጇ ትሪውን ጥላ ወደ ጓዳ ትሮጣለች? እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው እንደሚቀርጹ አልጠራጠርም። ሰውን ሯጭና ገላጋይ እያልኩ ስመድብ ማኪያቶዬ ይቀዘቅዛል፤ ሳልጨርሰው ሒሳብ ከፍዬ እወጣለሁ። ባለቤቴ "ቡና ልትጠጣ ነው የምትገባው ወይስ ጥበቃ ልትቀጠር?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን መተው አቃተኝ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤቴ ጋር ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንገዛ የሄድን ቀን ነው። ጎረቤቴ ባህል አዳራሽ አካባቢ ከምኖርበት ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ የሲዳማ ሰው ነው። እኔ ወላጆቼ ለመምህርነት ተመድበው ከጎጃም የመጡ፣ ራሴም ጂኦግራፊ የማስተምር ነኝ። እሱ ፕሮቴስታንት እኔ ኦርቶዶክስ ስለሆንን መነካከፍ አናጣም። በጾም ዓሣ ስበላ ካየኝ "ይሄ ውሃ ውስጥ የበቀለ ጎመን ነው አይደል?" ይለኛል። እኔም "አንተ ዓመቱን ሙሉ እየበላህ ያልወፈርከው ምን ሆነህ ነው?" እለዋለሁ። ልጆቻችን የትኛው ቤት እራት እንደሚበሉ እስከማይታወቅ ድረስ አብረው ነው ያደጉት።

ይህ ሰው የሰፈራችን ገላጋይ ነው። ጠብ ሲነሳ ከፖሊስ በፊት እሱ ይጠራል። ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለውን ሁሉ ከኋላ አቅፎ፣ "ተው፣ ተው በቃ" እያለ፣ እየጎተተ ቤቱ ያስገባዋል። እውነቱን ለመናገር ከሚጣሉት ብዙዎቹ እሱ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው የሚጣሉት። አንድ ጊዜ እሱ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ሁለት ሰዎች ተጋጥመው፣ የሚይዛቸው ሲያጡ፣ ትንሽ ተሰዳድበው በየፊናቸው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚያ ቅዳሜ አንድ ትልቅ ቆሮሶ መርጬ ለዓሣ አጽጂው ልሰጥ ስል ሌላ ሰው ከጎኔ መጥቶ ዓሣውን በጅራቱ ያዘው። "ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ" አለኝ። ገና በጠዋቱ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን ትቶለት ሌላ ይመርጥ ነበር፤ እዚያ የሞላው ዓሣ ነው። የእኔ ጠባይ ግን እንዲያ አይደለም። ደሜ ፈላ፤ ገፈተርኩት። መሬቱ በዓሣ ቅርፊት ያሟልጭ ነበርና በመቀመጫው ወደቀ፤ ሰው ሳቀ። ከግፍተራዬ ይልቅ ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ሰውዬው ሲነሳ ከጣውላው ላይ የዓሣ ማጽጃውን ቢላ ይዞ ነበር።

ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። ዓሣ አጽጂው ከነሽርጡ ወደ ጀልባዎቹ ሮጠ፤ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲበሉ የነበሩት ሳህናቸውን ጥለው ተበተኑ፤ የዓሣ ሆድዕቃ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንኳ ክንፋቸውን ዘርግተው ገለል አሉ። የሳቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። እኔም ጀግና አይደለሁምና ልሮጥ ስል ሁለት እጆች ከኋላ አቀፉኝ። ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቀው፣ ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። "ተው፣ ተው በቃ" የሚለውን ድምፅ አወቅሁት። ልቀቀኝ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም። ቢላው ክንዴን ሰንጥቆ ጎኔ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን አልክድም። ሸሚዙን አውልቆ ቁስሌ ላይ ጫነው፤ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ከተተኝ፤ ደረቱ እንደተራቆተ፣ በአማርኛ ጀምሮ በሲዳምኛ እየጨረሰ እስከ ሆስፒታል ድረስ ሹፌሩ ላይ ጮኸ። ሐኪሙ ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ደሜ ፈስሶ ያልቅ እንደነበር ነገረኝ። ተረፍኩ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ ደንዝዘዋል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ እንደ ሕፃን እታገላለሁ።

ሆስፒታል የመጣ ጠያቂ ብርቱካኑን ካስቀመጠ በኋላ የሚጠይቀው ስለወጋኝ ሰው አልነበረም። "ለመሆኑ ማን ነው የያዘህ?" ይላል። እኛ ዘንድ ይዞ ማስመታት የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ ገላጋይ መስሎ ይገባና የጠላውን ሰው እጅ ይዞ ለሌላው ያመቻቻል። አንድ የእድራችን አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "አውቆ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ አይደለም፣ አባቴ፣ እንዲህ አይበሉ" አልኳቸው። እንዳልሆነም አውቅ ነበር። ጎረቤቴ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ይስማ አይስማ አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደ አልጋዬ አልቀረበም።

የወጋኝ ሰው ታሰረ። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ፤ አባቱ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ብድግ አድርጌያቸው "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ። ከልቤ ነበር። የማላውቀውን ሰካራም ይቅር ማለት ያን ያህል አይከብድም፤ ሥርዓቱ አለ፣ ሽማግሌው አለ፣ የሚባለው ቃልም ይታወቃል። ለያዘኝ ሰው ግን ማን ሽማግሌ ይልካል? ምን በደለ ተብሎ? ሊያድነኝ ነው የገባው። ስለዚህ አልከሰስኩትም፣ አልተናገርኩትም፣ ሰላምታም አልነፈግሁትም። ሆዴ ብቻ ሻከረ። በር ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደርክ" እለውና ቁልፍ የጠፋኝ መስዬ ኪሴን እፈትሻለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የግቢዬ በር ማጠፊያ ተሰብሮ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ አዲስ ማጠፊያ ገብቶለት፣ ዘይት ተቀብቶ አገኘሁት። ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሄጄ አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

እረፍት የነሳኝ ይህ ነው። የሮጡት ሰዎች ምንም አላደረጉኝም። ዓሣ አጽጂውን ዛሬም ሳገኘው ተሳስቀን ነው የምንለያየው። ጎረቤቴም እንደ እነሱ ሮጦ ቢሆን እኔም እሮጥ ነበር፤ ያ ሰካራም ደግሞ በዚያ የሚያሟልጭ መሬት ላይ የትም አይደርስብኝም ነበር። ታዲያ የሚሻለው ሯጭ ነው? ለልጆቼ ምን ልበል? አንዳንድ ቀን ደግሞ ክፉ ክፉውን አስባለሁ፤ ቢላውን ፈርቶ፣ ከሁለታችን ለመያዝ የሚቀለውን መርጦ ነው እላለሁ። ፈተና ስፈትን፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ በአእምሮዬ የሚዞረው ይኸው ነው። መያዝ ያለበት ቢላ የያዘው ነው፤ ከፊት ሳይሆን ከጎን ተገብቶ፣ የእጁን አንጓ። ባለቤቴን ወጥ ማማሰያ አስይዤ ላሳያት ስሞክር ማማሰያውን አናቴ ላይ አሳረፈችው።

ራሴንም ታዘብኩት። ባጃጅ ተራው አጠገብ ሳልፍ አንድ ጎማ ሲፈነዳ ከሁሉም ሰው ቀድሜ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። አንድ የጫማ ሱቅ ውስጥ ገብቼ በሩን ልዘጋ ስታገል ባለሱቋ "ጎማ ነው እኮ፣ ጋሼ" አለችኝ። ለይሉኝታ ጫማ ለካሁ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ማስተማሬን አቋርጬ ተማሪዎቼን "ሰው በቢላ ሊወጋ ሲል ብታዩ ማን ይገባል?" አልኳቸው። የክፍሉ እጅ በሙሉ ወጣ። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አላወጣችም። "እኔ እሮጣለሁ፣ ቲቸር" አለች። ተሳቀባት። "ርቄ ከሮጥኩ በኋላ ግን እጮሃለሁ" ስትል እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ያመንኳት እሷን ነው።

ጎረቤቴም ሌላ ሰው ሆነ። ከጀርባችን ባለው ግቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሰው በሩን ቢደበድብም አልወጣም። "የእኔ እጅ ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ" አለ አሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ በደስታዬ አፈርኩ። ባለቤቴ ግን አልማረችኝም።

"ያ ሁሉ ሰው ሲሮጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው" አለችኝ። "አንተ ደግሞ የቀረልህን ሰው ትጠላለህ።"

"አልጠላሁትም።"

"እና ለምን ቤቱ አትገባም?"

ይህን ሰው ማጣት ከደነዘዙት ጣቶቼ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር፤ በምን በኩል እንደምመለስ ግን አላወቅሁም። በሩ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ የተመለስኩባቸው ቀኖች አሉ።

በመጨረሻ ሁለቱ ሚስቶቻችን ተመካክረው አንድ እሁድ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ወሰዱን። ዛፍ ስር አስቀምጠውን፣ ሻይ አዘውልን፣ የበቆሎ እሸት እንገዛለን ብለው ሄዱ። ተንኮላቸው ገብቶናል። እሱ ሐይቁን ያያል፤ እኔ በዙሪያችን ያለውን ሰው እመዝናለሁ።

"ዝናቡ ዘንድሮ ቆየ" አለኝ።

"ቆየ" አልኩት።

ብዙ ዓመት ሲያወሩ የኖሩ ሁለት ሰዎች ከዚህ የዘለለ ወሬ ማጣታቸው አሳፈረኝ። ስለ በሩ ማጠፊያ ላነሳ አፌን ስከፍት ከፊታችን ሁለት ባለጀልባዎች በተራ የተነሳ ተጣሉ። አንዱ ተሳፋሪዬን ወሰድክብኝ ይላል፣ ሌላው ተራው የእኔ ነው ይላል። መጀመሪያ ስድብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ አንደኛው መቅዘፊያውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳ። ወንበሮች ወደ ኋላ ወደቁ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሮጡ፤ ስልኮች ወጡ። ጎረቤቴ ተነሳ። ከእንግዲህ ጠብ ውስጥ አልገባም ያለው ሰው የሻዩን ብርጭቆ በወጉ እንኳ ሳያስቀምጥ ወደ መቅዘፊያው ሄደ።

ቀጥሎ የማውቀው ከኋላው አቅፌ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቄ፣ ቀበቶውን ጨምድጄ እንደያዝኩት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተለማመድኩት ነገር አንዱም ትዝ አላለኝም። ባለመቅዘፊያውን ፈጽሞ አላየሁትም። ያየሁት የጎረቤቴን ጀርባ ብቻ ነው፤ ሲርቀኝ።

ሌሎች ባለጀልባዎች ደርሰው መቅዘፊያውን ነጠቁና ሐይቁ ውስጥ ወረወሩት። ሁለቱ ተጣዮች አሁን ማን ያውጣው በሚለው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ሰዉ እየሳቀ ተመለሰ።

"አልቋል እኮ" አለኝ ጎረቤቴ። "ልቀቀኝ።"

አልለቀቅሁትም።

አንገቱን አዙሮ አየኝ። አልተናደደም፤ የቸገረው ሰው ፊት ነበር።

"መቅዘፊያ የያዘው እዚያ ቆሞ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለምን እኔን ያዝክ?"

እኔ እሱን ልጠይቀው ፈልጌ አፌ ላይ የደረቀ ጥያቄ ነው። መልሱን ከእሱ ስጠብቅ ኖሬ ራሴ መመለስ ግድ ሆነብኝ፤ ማሰብም አላስፈለገኝም።

"እዚህ ካለው ሰው ሁሉ እንዲሞትብኝ የማልፈልገው አንተን ስለሆነ ነው" አልኩት።

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሚስቶቻችን በቆሎውን ይዘው ሲመለሱ እሱ እያለቀሰ፣ እኔ ቀበቶውን ገና ሳልለቅ አገኙን።