ሳይጣሉ የታረቁት ቦክሰኞች

ቅቤ ሸተተኝ። እሁድ ከሰዓት ከልጅ ልጄ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ቦክስ ስናይ፣ አንዱ አሠልጣኝ የቦክሰኛውን ቅንድብ በቫዝሊን ሲለቀልቀው፣ ቤቱ ውስጥ ቅቤ የሚባል ነገር ሳይኖር ጥሬ ቅቤ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ላብ፣ የተረገጠ ሣርና ጥሬ ቅቤ፤ የነቀምቴ ሜዳ ሽታ ነው። ገና ፈገግ ከማለቴ ያ ጡንቻው የተደረደረ ጎረምሳ በአራተኛው ዙር በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አልነሳም አለ። ትከሻውን አሞት ነው አሉ።

"ትከሻውን!" ብዬ ጮህኩ። ድንቄም ቦክሰኛ! አፉ ውስጥ ላስቲክ፣ እጁ ላይ ትራስ የሚያህል ጓንት፣ በየሦስት ደቂቃው ውኃ የሚያጠጣው፣ ፊቱን የሚያብስለት፣ በጆሮው የሚያንሾካሹክለት ሦስት ሰው። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይንከባከቡትም። የልጅ ልጄ ደግሞ፣ "አባባ፣ ብልህ ነው እኮ፤ ነገም መጫወት ይፈልጋል" ሲለኝ የድሮውን ላወራለት ጀመርኩ። ተነስቶ ወጣ፤ የእኔን ወሬ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል። እናንተ እንኳ ስሙኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ አንድ ወፍጮኛ ነበረ፤ ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም ሃያ ዓመት ቢሞላን ነው። እኔ ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ቤት መኪና የምረግጥ፤ እሱ እዚያው በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የተወለደ፣ ኩንታል በአንድ ትከሻው የሚያነሳ። ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። ሲስቅ ዱቄት ይረግፍበታል፤ ሲያስል ደግሞ የሚያባራ አይመስልም። "ከዚህ ወፍጮ ካልወጣሁ ሳንባዬ ሊጥ ይሆናል" ይለኝ ነበር።

ቦክስን ያመጣብን ከአዲስ አበባ የተመደበ የስፖርት አስተማሪ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የከተማውን ጎረምሳ ሁሉ ሰብስቦ ያስተምር ጀመር። የነበረው ጓንት አንድ ጥንድ ብቻ ነው። አንድ ጥንድ፣ ለሁለት ሰው! ስለዚህ አንዱ የቀኙን ያጠልቃል፣ ሌላው የግራውን፤ የቀረው እጅ በአቡጀዲ ይጠቀለላል። አቡጀዲውን ቀድጄ የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። ላስቲክ የለ፣ በርጩማ የለ። ቫዝሊን የምትሉትን እኛ ከገበያ በቅጠል ተጠቅልሎ በመጣ ቅቤ ተወጣነው። ያኔ ትከሻዬን አመመኝ የሚል አልነበረም፤ ቢልስ ማን ሰምቶት!

እንግዲህ ለዘውድ በዓል በጥቅምት ትልቅ ግጥሚያ ይደረግ ተባለ። ወፍጮኛው ከአንድ የሲሬ ከተማ ጫኝና አውራጅ ጋር ሊገጥም ነው። የሲሬው አንገት የለውም፤ ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ ነው የተቀመጠው። ሽልማቱ አንድ ሙክት በግ ነበር። ከበጉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መኮንን ያሸነፈውን ለቦክስ ቡድናቸው ይዞት ሊሄድ ቃል ገብቷል። ልብስ፣ ምግብ፣ መኝታ፣ ዱቄት የሌለበት አየር። ወፍጮኛው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም።

በግጥሚያው ቀን ሕግ ማስያዝ የሚወደው አስተማሪያችን አጠገባችን መጥቶ አንዲት ነጭ ፎጣ ሰጠኝ። "ሰውህ ከተጎዳ ትወረውራታለህ፤ ጨዋታው ያኔውኑ ያበቃል" አለኝ። እሱ ዞር ከማለቱ ወፍጮኛው ክንዴን ጨመቀኝ። ፊቱ በቅቤ ያበራል።

"ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ያችን ጨርቅ ብትወረውር ከዛሬ በኋላ አንተዋወቅም።"

"ምን ነካህ፣ እኔ እወረውራለሁ?" አልኩት። ፎጣዋን አንገቴ ላይ ጣል አደረግኳት።

የጥቅምት ፀሐይ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች፤ ዝናቡ በቅርቡ ስላቆመ ሣሩ ለምለም ነው። አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሎ ገመድ ተወጥሯል፤ ደወሉ ተንጠልጥሎ የሚመታ የመኪና ቸርኬ ነው። የመጀመሪያውን ዙር የእኛው ወሰደው። በሁለተኛው የሲሬው ያችን በአቡጀዲ የተጠቀለለች ቀኝ እጁን ማሳረፍ ጀመረ። የምታርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የእኛው ግራ ዓይን ላይ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቡጢ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ እንደምትሰሙት ነው። ዙሩ ሲያልቅ ወፍጮኛው መጥቶ አጠገቤ ሲቆም ውኃ ሰጠሁት። ዝም ብሎ አየኝ። "በርታ!" አልኩት።

በሦስተኛው ዙር ዓይኑ ተደፈነ። ደሙ ከቅቤው ጋር ተቀላቅሎ አንገቱ ድረስ ወረደ። እየተንገዳገደ ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ "እንዳትሞክራት" የሚለኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩለት፤ አይዞህ፣ አልወረውርም ማለቴ ነው። ሕዝቡ አብዷል። እኔም ከእነሱ ብሼ እጮኽ ነበር። እግሩ ግን አልታጠፈም! አንድ ጊዜም አልወደቀም!

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው የመጣው። ከገበያ እየተመለሰ ጩኸት ሰምቶ የመጣ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ጃንጥላ ያነገበ ረጅም ሽማግሌ። ጎንበስ ብሎ ከሜዳው ለምለም ሣር ነጨ፤ ገመዱን በጃንጥላው ከፍ አድርጎ ገባ። "ዲሳ! ዲሳ!" አለ፤ ተዉ ማለቱ ነው፤ ሣሩንም በሁለቱ መካከል ዘረጋ።

ወለጋ ውስጥ ለምለም ሣር የያዘ ሽማግሌ አልፎ የሚመታ ሰው አልተፈጠረም። የሲሬው እጁን አወረደ።

አስተማሪያችን ሊፈነዳ ደረሰ። "አባቴ፣ ስፖርት ነው! አልተጣሉም እኮ!"

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣" አለው ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ "ያልተጣላ ሰው ደም ያፈሳል?"

"ጨዋታ ነው እያልኩዎት!"

"ጨዋታ ከሆነ ይኸው ተጫውተዋል፤ በቃ።"

ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ተጨምረው ሁለቱን ቦክሰኞች የወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጧቸው። ምን አጣላችሁ? ምንም። ከመቼ ጀምሮ? ኧረ ምንም የለም! ቂም ደብቀዋል ተባለ፤ ጥያቄው እንደገና ከላይ ተጀመረ። መኮንኑ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ መኪናው ውስጥ ገብቶ የአዲስ አበባን መንገድ ያዘ። በመጨረሻ የሲሬው ሲሰለቸው፣ "እሺ፣ ወፍጮ ቤት ተራዬን ለሌላ ሰጥቶብኝ ነበር" ብሎ ዋሸ። "አያችሁ!" አለ ሽማግሌው፣ ፊቱ በራ። ወፍጮኛው ያላጠፋውን ጥፋት ይቅርታ ጠየቀ፤ ተቃቀፉ፤ ጸሎት ተደረገ። ከዚያስ? ከዚያማ የእርቁ በግ ታረደ። የትኛው በግ ይመስላችኋል? ሽልማቱ ነዋ!

ያን ሽማግሌ ስንት ዓመት ረገምኩት። የአዲስ አበባው ጉዞ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ፤ ወፍጮኛውም ወደ ዱቄቱ ተመለሰ። ለዓይኑ ሐኪም ቤት ሂድ ሲሉት፣ "ለዚች ብዬ?" አለ። እኔም ይህችን ንግግሩን ልብስ ሰፊ ቤት ለመጣው ሁሉ በኩራት አወራሁለት። ወሩ ካለፈ በኋላ ሲሄድ ሐኪሙ ውስጡ ተቀዷል፣ ዘግይተሃል አለው። ግራ ዓይኑ ጠፋች። እኔ ደግሞ ይህንንም ከጀግንነቱ ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ስንሄድም ስንመጣም በግራው በኩል የምሄደው እኔ ሆንኩ፤ መኪናና ከብት እንዳይገፋው።

ካቻምና ሰኔ መግቢያ ላይ ወፍጮኛው ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ የሰፈር ጎረምሶች መጡ። እኔም እንደ ልማዴ ጀመርኩላቸው። የዛሬ ቦክሰኞችን ሰደብኩ፤ "ይሄ ሰውዬ ደሙ እየወረደ ዓይኑን እንኳ ወደኔ አላዞረም" አልኳቸው። እሱ ከዘራውን ይዞ ሰማኝ። ልጆቹ ሲሄዱ፣

"አይቼህ ነበር" አለኝ።

"መቼ?"

"ያኔ። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ቆሜ አየሁህ። በሦስተኛውም አየሁህ። ደግሜ አየሁህ። ራስህን ትነቀንቃለህ።"

"ፎጣዋን አትወርውር ብለኸኝ የለም እንዴ?"

"ብያለሁ።" ትንሽ ሳቀ፤ ሳሉ መጣበትና ቆየ። "ኦቦሌሳ፣ ሊደበደብ የሚሄድ ሰው የሚለውን ማን ይሰማል?"

በቁጣ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። በቁጣ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በግራው ስሄድ ውለታ የምውልለት ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ይዞ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ አብሮኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጠንካራ። እኔ ግን ሳወራለት የኖርኩት ሌላውን ጥንካሬ ነው።

ዝናብ ሊመጣ ሲል እጁን ዘረጋልኝ፤ ይዤ አነሳሁት። ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥታ ነበር።

"ጭቃ አለ፤ በዚህ በኩል እለፍ" አልኩት። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።