ከገሱባ የመጣ እንሰት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሶዶ

እኔና ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ ወደ ገሱባ የተነሳነው የእንሰት ችግኝ ፍለጋ ነበር። በሰፈራችን ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን ቦታ አጽድተን በማኅበር ስንደራጅ፣ አንድ የረድኤት ድርጅት ለከተማ የጋራ አትክልት ቦታዎች ከመደበው ድጋፍ ለእኛም ደረሰን። አጥሩ ታጠረ፣ ቧንቧው ገባ፣ የጎመንና የካሮት ዘሩም ተዘራ። የቀረን እንሰቱ ነው። ቀበሌው ደግሞ "በልጉ ሳያልፍ ተክላችሁ ካልጨረሳችሁ ቦታው ለሌላ ማኅበር ይሰጣል" ብሎናል።

የተሳፈርነው አይሱዙ ላይ ነው። ሌሊት የጣለው ዝናብ ቀዩን መንገድ አላቁጦት ስለነበር መኪናው ከመሄድ ይልቅ መንሸራተት ይበዛዋል። እትዬ ወርቅነሽ የጭነቱን ብረት ይዘው በየጉድጓዱ "ጌታ ሆይ!" ይላሉ።

ገሱባ

ገበያው ዳር በሃያ ብር የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በላን። ዳጣው እንባዬን አመጣው። ከዚያ ችግኝ ይሸጣሉ ወደተባሉት ወደ ወይዘሮ ዳልጬ ጓሮ ወጣን።

"ለከተማ ከሆነ አልሸጥም" አሉን ገና ከደጅ፣ በወላይትኛ። "ዓምና ከአንድ መሥሪያ ቤት መጥተው የወሰዱት ግቢ ውስጥ እንደተከመረ ደረቀ። ያሳደግኩትን ለሞት አልሰጥም።"

እኔ በአስተማሪ ወጌ ስለ ማኅበሩና ስለ ድጋፉ ማብራራት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ።

"ቆይ ቲቸር" አሉኝ እትዬ ወርቅነሽ፤ ወደ ወይዘሮ ዳልጬም ጠጋ አሉ። "እህቴ፣ እኔም ጓሮ ነበረኝ። ባለቤቴ ታሞ ኦቶና ሆስፒታል ሲተኛ ለማሳከሚያ ሸጥኩት። እሱም አልተረፈልኝም። ከዚያ ወዲህ ኪራይ ቤት ነኝ፤ አንዲት እንሰት የምተክልበት መሬት አልነበረኝም። አሁን ገና አገኘሁ።"

ወይዘሮ ዳልጬ ፊታቸውን መልሰው አዩአቸው። ከዚያ ዶማቸውን አንስተው ወደ ጓሮ ገቡ። ሁለቱ እየመረጡ፣ እየነቀሉ፣ ስለ ልጆቻቸው እያወሩ ረፋዱን ጨረሱት፤ የእኔ ድርሻ መሸከም ሆነ። ዋጋውን ከፍለን ስንወጣ ሦስት ያማሩ ችግኞች ጨመሩልን።

"እነዚህ የማኅበሩ አይደሉም" አሏቸው እትዬ ወርቅነሽን። "ያንቺ ናቸው።"

መመለሻ

ከገሱባ ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ ወረደ፤ መኪናውም ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሾፌሩ ዞር ዞር ብሎ አየና "ጭነት ካልቀነሰ አይወጣም። ቅጠሉን አውርዱት፣ ሰኞ እወስደዋለሁ" አለ። እስከ ሰኞ ከብት ይጨርሰዋል። እትዬ ወርቅነሽ ችግኙ ላይ ተቀምጠው አልወርድም አሉ።

አብሮን የተሳፈረ አቶ ከድር የሚባል የስልጤ ነጋዴ ነበር። ሶዶ ሱቅ አለው፤ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። የአዳዲስ ጆንያዎቹን እስር ፈታና ከጎማው ስር ያነጥፍ ጀመር።

"አቶ ከድር፣ ጆንያው ይበላሻል እኮ!" አልኩት።

"ይታጠባል። ና ግፋ!"

ገፋን። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎችም ትከሻቸውን ሰጡን። መኪናው አጓራ፣ ጭቃውን ፊታችን ላይ ረጨና ወጣ። ስለ ጆንያው ዋጋ ሳነሳ አቶ ከድር ሳቀ፦ "የምን ሂሳብ ነው? ጎመኑ ሲደርስ ለቤቴ ትልካላችሁ።"

ሶዶ

ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ የዳሞታ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። የማኅበሩ አባላት ጉድጓዱን ቆፍረው ይጠብቁን ነበር። ሳይመሽ ተክለን ጨረስን።

ድጋፉን ሳላመሰግን አላልፍም፤ ያለ እሱ አጥርም ውሃም አይኖረንም ነበር። ግን ገንዘቡ ወይዘሮ ዳልጬን እሺ አላሰኘም፤ መኪናውንም ከጭቃ አላወጣም። ይህን ያደረጉልን ምንም የማንሆናቸው ሰዎች ናቸው። ከጉዞው የተማርኩት ይህንኑ ነው።

እትዬ ወርቅነሽ የራሳቸውን ሦስቱን መጨረሻ ላይ ተከሉ። አፈሩን በእግራቸው ጠቅጠቅ አደረጉና፣ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ ቆመው "ጋላታይስ፣ አመሰግናለሁ" አሉ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ የሚመሰገነው ብዙ ነበርና።