ውሃ ውስጥ የደረቀ ጉሮሮ

ጠላቂው መተንፈሻውን ከአፉ እንዳወጣ ሳል ያዘው። በሁለት እጁ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጦ፣ ግማሽ ሰውነቱ ገና ሐይቁ ውስጥ እንዳለ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳለ። ቀድማው የወጣችው የሥራ ባልደረባው የመጠጥ ውሃ አቀበለችው።

«ጋሼ፣ ሐይቅ ሙሉ ውሃ ውስጥ ውለህ ጉሮሮህ ይደርቃል?»

«ዝም በይ እስቲ!» አለና ውሃውን ተጎንጭቶ መልሶ ተፋው።

የሁለቱ ሥራ ዓሣ መቁጠር ነው። በመራቢያ ወራት ዓሦቹ ድንጋያማው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የጥናት ጣቢያው ጠላቂዎችም ወርደው ስንት እንደመጡ ያያሉ። ችግሩ ዓሦቹ አረፋ አይወዱም። ተራ ጠላቂ አንዴ ሲተነፍስ የሚለቀው አረፋ የዓሦቹን መንደር ሁሉ ይበትነዋል። ስለዚህ ጣቢያው አረፋ የማያወጣ መሣሪያ ይጠቀማል። ሰውየው ያወጣው ትንፋሽ በቱቦ ተመልሶ ወደ ጀርባው ይሄዳል፤ እዚያ ነጭ የኖራ ጠጠር በተሞላ ጣሳ ውስጥ አልፎ ይጣራል፤ ትንሽ ኦክስጅን ይታከልበትና እንደገና ወደ አፉ ይመጣል። ጠላቂው በዚህ መሣሪያ ለዓመታት ሠርቷል። ጣቢያው ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ልምድ ያለው የለም፤ እሱም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

አሁን ግን ጉሮሮው ከዳው። ወርዶ ጥቂት እንደቆየ መጀመሪያ ምላሱ ሥር የሚያሳክክ ነገር ይሰማዋል። ቀጥሎ የበርበሬ ብናኝ የሳበ ይመስል ያቃጥለዋል፤ ከዚያ ደረቱ ይጠብቃል። ትንፋሹን ማዳመጥ ይጀምራል። ትንፋሹን የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ዓሣ መቁጠር አይችልም። ሥራው ሳያልቅ አውራ ጣቱን ቀስሮ «እንውጣ» ያለባቸው ቀናት በዝተዋል።

አለቃው በመጨረሻ ቁርጡን ነገረው። «አርብ አብሬያችሁ ጀልባ ላይ እወጣለሁ። አርብም እንዲህ ከሆንክ ከሰኞ ጀምሮ ገመድ ያዥ ነህ።»

ገመድ ያዥ ማለት ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲወርዱና ሲወጡ ማየት ነው።

ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ቱቦዎቹን አጥቦ አጥቦ ሰለቸው። የአፍ መያዣውን ቀየረ። ኦክስጅኑን አስለቅቆ እንደ አዲስ አስሞላ። የጥገና ሠራተኛው መሣሪያውን ፈታትቶ አየና፣ «ይሄ ጤነኛ ነው፤ አንተ ሄደህ ተጠገን» አለው።

ቤትም ሰላም አላገኘም። ባለቤቱ የጨው ውሃ አፍልታ አስጉመጠመጠችው፤ መስኮት ከፍቶ መተኛት ከለከለችው። ይህን ሁሉ ታገሰ። አንድ ምሽት ግን ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል፣ «እውነቱን ልንገርህ? ጀልባ ላይ ብትቀር እኔ ደስ ይለኛል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ደስ ይለኛል አልኩ። ቢያንስ እስክትመጣ ደጅ ደጁን አላይም።»

ያልተተኮሰውን ሸሚዝ አንስቶ ለበሰ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ፤ የሰው ጣሳ አይነካም። ሁሉም የራሱን ጠጠር ራሱ ይሞላል፤ የሚተነፍሰው እሱ ነዋ። ጠላቂውን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ደግሞ አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አትመውበት ነበር የሞቱት። ጠጠሩ ላላ ብሎ ከተቀመጠ ትንፋሽ ክፍተት ፈልጎ ሳይጣራ ያልፋል፤ ሰውየውም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጠላቂው ጣሳውን ሲሞላ ጥቂት ያፈስና በመዳፉ ጎኑን ይመታል፤ ደግሞ ያፈስና ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳዋል። ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። «ግንበኛው ገባ» ይላሉ የቢሮ ሰዎች። ጉሮሮው ማቃጠል ከጀመረ ወዲህ፣ ጠጠሩ ላልቶብኝ ይሆናል ብሎ ስለጠረጠረ፣ ምቱ ብሶበታል።

አርብ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በባትሪ ጉሮሮውን ደጋግሞ አየ።

«ንጹሕ ነው» አለ።

«ያቃጥለኛል እያልኩህ?»

«አሁን ያቃጥልዎታል?»

«አሁንማ የት አለ! ውሃ ውስጥ ነው የሚመጣው።»

ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ። «እንግዲህ ውሃ ውስጥ ገብቼ ልመረምርዎ አልችል። ጭንቀት አለብዎት?»

«አልነበረብኝም፤ አሁን መጣ።»

በዚህ ንትርክ መሐል ሰዓቱ ሄደ። ወደቡ ላይ ሲደርስ የጀልባው ሞተር ተነስቶ፣ አለቃው ኮፍያውን ደፍቶ ተቀምጧል። ባልደረባው የጠላቂውን መሣሪያ አሰናድታ አግዳሚው ላይ አቁማዋለች።

«ጣሳውን ማን ሞላው?» አለ ገና አንድ እግሩ ጀልባው ላይ ሳለ።

«እኔ ነኛ። ልንሄድ ነበር እኮ!»

«ማን ንኪ አለሽ? የሰው ጣሳ?»

«ታዲያ ባዶውን ላምጣልህ ጋሼ?»

«መታሽው?»

«አምራቹ እንደሚለው ትንሽ ትንሽ ጠቅጠቅ አድርጌዋለሁ።»

ትንሽ ትንሽ! ደሙ ፈላ። ሊፈታው እጁን ሲዘረጋ አለቃው፣ «ትወርዳለህ ወይስ ትቀራለህ?» አለ፣ ኮፍያውን ሳያነሳ።

ጠላቂው አፍንጫውን ይዞ፣ የኦክስጅን መለኪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ መሣሪያውን ለመፈተን ደንቡ ከሚያዘው በላይ ጀልባው ላይ ተነፈሰበት። እንከን አልነበረውም። ጥርሱን ነክሶ ወረደ።

ድንጋዮቹ ጋ ደርሶ የማቃጠሉን ሰዓት ጠበቀ። ማሳከኩ አልመጣም። ትንሽ ቆየ፤ አሁንም የለም። አየሩ ለስላሳ ነበር፤ ያለ አንዳች ነገር ይገባል፣ ይወጣል። የድርሻውን ዳርቻ ቆጥሮ ጨረሰ። ወደ ላይ ሲመለስ፣ ሊደሰት ሲገባው፣ ዛሬ ምን እንደተለየ ያስብ ጀመር። ከሌላው ቀን የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጣሳውን የሞላው እሱ አልነበረም።

ጀልባው ላይ አልሳለም። አለቃው፣ «ዳንክ?» ሲለው፣ «እነግርሃለሁ» ብቻ አለ።

ወርክሾፕ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጥቁር ፕላስቲክ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ባዶ ጣሳ አንስቶ፣ እንደ ወትሮው አፈሰሰ፣ መታ፣ አንኳኳ። ከሞላ በኋላ ሁሉንም ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ገለበጠው። ከጠጠሩ ጋር ነጭ ዱቄት ቦነነ። ጎንበስ ብሎ ሲያሸት ጉሮሮው ተያዘ፤ ያው የሚያውቀው ሳል ነበር። ጣቢያው በቅርቡ የጠጠር አቅራቢ ለውጧል፤ አዲሱ ጠጠር ከድሮው ይልቅ ለስላሳ ነው፣ ሲመታ ይፈረፈራል፤ ብናኙም ከትንፋሹ ጋር ጉሮሮው ይገባል። እሱ ባቃጠለው ቁጥር ይመታል፤ በመታ ቁጥር ያቃጥለዋል።

ባልደረባው ሳሉን ሰምታ በሩን ከፈተች። ጠረጴዛውን አየች፤ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ጋሼ! እስከ ዛሬ ዱቄት ስትፈጭ ነው የከረምከው!»

«ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በምን ላውቅ? የሰው ጣሳ ውስጥ አይታይም ያልከኝ አንተ!»

ለአለቃው ምንም ሳይል ሊያልፈው አስቦ ነበር። ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ዳነ ብሎ የሚያምን አለቃ የለም። ሄዶ ተናገረ። አለቃው ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ጉሮሮህ ጤነኛ ነው። ያስቸገረው እጅህ ነው» አለ።

«አዎ። ከአሁን በኋላ አልመታውም።»

«እሱን እጅህ ይስማህ እንደሆነ አላውቅም። ሰኞ ትወርዳለህ። ጣሳህን ግን እሷ ትሞላለች።»

«አለቃ! ልጅቷን እኮ ያስተማርኳት እኔ ነኝ!»

«በደንብ አስተምረሃታላ» አለና ስልኩን አነሳ።

ሰኞ ባልደረባው ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሐል አጣብቃ፣ ከእህቷ ጋር ስለጠበበ ጫማ እያወራች፣ የጠላቂውን ጣሳ ሞላች። እሱ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ ቆሞ አየ። ጠጠሩን አፈሰሰች፣ ጠቅ ጠቅ አደረገች፣ ከደነች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ። አይ፣ አንቺን አይደለም፤ እሺ፣ ታዲያ ለምን አልመለስሽውም?»

ታች አየሩ ንጹሕ ነበር። ዓሦቹ ከድንጋዩ ሥር ብቅ ብቅ እያሉ፣ ሳይፈሩት፣ መነጽሩ ሥር ድረስ መጡ። ጠላቂው የአፍ መያዣውን ጎማ በንዴት አላምጦ ሊበጥሰው ምንም አልቀረው። ቆጠራውን ጀመረ፤ መሐል ላይ ያ ጠቅ ጠቅ ትዝ ሲለው ቁጥሩ ጠፋበት። በሆዱ ተራግሞ እንደገና ከአንድ ጀመረ።