የውሸት ተሳፋሪዎች

ፀሐይ ያጋለው የመኪና ወንበር ሲሸተኝ እግሬ በሩን ይፈልጋል። ዛሬ፣ እውነተኛ መንገደኛ ሆኜ እንኳ፣ ይቁነጠነጣል።

ያኔ እኔና ጓደኛዬ፣ የሰፈራችን መሪጌታ ሴት ልጅ፣ የወረታ መናኸሪያ የውሸት ተሳፋሪዎች ነበርን። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ቀድሞ መግባት ማንም አይወድም፤ ስለዚህ ረዳቶቹ እኛን ያስቀምጡና «ሞላ! ሞላ! የቀረው ሁለት ሰው!» እያሉ ይጮሃሉ። የእውነቱ መንገደኛ ሲመጣ ረዳቱ በመዳፉ የመኪናውን ጎን ይመታል፤ እኛ ወርደን ወደሚቀጥለው። ጠዋት የጎንደር፣ ረፋድ ላይ የባሕር ዳር፣ ከሰዓት የደብረ ታቦር መንገደኞች ነበርን። አንዱንም ከተማ ሳናየው። በመስኮቱ የናፍጣ ጭስና ከሜዳው የሚመጣው የረጠበ የሩዝ ገለባ ሽታ አብረው ይገቡ ነበር።

«ትናንት የት አደርን?» እላታለሁ።

«ጎንደር ነዋ! ቁንጫው አላስተኛን አለ እንጂ።»

ወረታ ድረስ ባቡር ይመጣል የሚለው ወሬ ሲነሳም ትስቅ ነበር። «ይምጣ ብቻ! እሱንስ ያለ እኛ ማን ሊሞላው ነው?»

ሳቋ ግን እየሳሳ ሄደ። አብረን ጎንደር ሄደን ሥራ ልንፈልግ ተማምለን ነበር። አባቴ «ሩዙ ሳይገባ ንቅንቅ የለም» አለኝ። ሩዙ ሲገባ ደግሞ የጓያው ተራ ሆነ።

«አንተን ስጠብቅ እዚህ ወንበር ላይ ልበቅል ነው» አለችኝ።

አንድ ጠዋት የጎንደሩ መኪና ውስጥ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀመጥን። ረዳቱ የመኪናውን ጎን መታ። እኔ ወረድኩ። እሷ አልተነሳችም።

«አንቺ፣ ውረጂ እንጂ! ሰው መጣ!» አላት።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለችና የመሳፈሪያዋን ብር ዘረጋችለት። ከእግሯ ሥር ያለውን ልብስ የሞላ ፌስታል ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ እግሬን መልሼ መወጣጫው ላይ አደረግሁ። ከኋላዬ ጥላ የያዙ ቄስ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ትገባለህ ወይስ ትወርዳለህ?» አሉኝ።

እሷ ፊቷን ሳታዞር ወደ መስኮቱ ተጠጋችና ከጎኗ ያለውን ቦታ ለቀቀች። አባቴ ማሳው ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

«ይግቡ፣ አባ» አልኳቸው።

ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ፤ መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወደ ጎንደር ታጠፈ።

ያን ቦታ የለቀቀችው ለማን እንደነበረ እስካሁን አላውቅም።