ዝቅ ያስደረግኳት መኪና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይችን ዘልያታለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ልንገራችሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዬን ወደ መሬት ዝቅ አስደረግኳት። አጭር ሞላና ንዝረት የሚያበርድ ጠንካራ አሞርዛተር ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ የፋብሪካውን አስወልቄ አስገጠምኩ። አቤት ስታምር! ታዲያ ከኋላ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ጎማዋ ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቃል፣ ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ ድንጋይ ይነካል። ብቻዬን፣ ድንጋይ እየመረጥኩ ነበር የምነዳት።

አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ሙላት ጋቢያቸው መሬት እየጎተተ መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ባጃጁ ሁሉ ነዳጅ አጥቶ ቆሟል፤ አምቡላንሱም ገጠር ወጥቷል ተብለዋል። ሐኪም ቤት አድርስልኝ አሉኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ስለ እትዬ ዘነበች? አይደለም። በሽተኛ፣ ባል፣ ደጋፊ ብዬ ቆጠርኩና ስለ መኪናዬ ሆድ አሰብኩ።

«ባትሪው ሞቷል፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

ዓይን ያወጣ ውሸት። ይህም አልበቃኝ። የሰፈሩ ሰው ቃሬዛ ሲያመጣ ተሽቀዳድሜ የፊቱን ያዝኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን እየወጋኝ ተሸከምኳቸው። እትዬ ዘነበች አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ አረፉ። በመኪና ብንሄድ ይተርፉ ነበር? እኔ እንጃ። በዚህ «እኔ እንጃ» ግን አልደበቅም። መኪና ነበረኝ፣ ከለከልኩ።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ሙላት ለመጣው ሁሉ፣ መኪናው እምቢ ቢለው በትከሻው ተሸከመልኝ እያሉ መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሜን ስል ምላሴ እንኳ አልተሳሰረም።

በወሩ የድሮውን ሞላ አስመለስኩ። ዛሬ የጠራኝን ሁሉ አደርሳለሁ፤ ሰፈሩም ደግ ይለኛል። እኔ ግን ደግ አይደለሁም።

ባለፈው ሰሞን ጋሽ ሙላት ታመው ልጠይቃቸው ገባሁ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ልናገር፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝና እጄን ያዙ።

«እሷን እንደተሸከምክልኝ፣ ስሞት የእኔንም ቃሬዛ የፊቱን አንተ ያዝልኝ» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።