ለድልብ ዳገት የሚበቃ ሞተር

ድልብ ዳገት ላይ የአባቴ ፒክአፕ ውኃዋ ፈልቶ ቆመች። የጫንኩት ከመርሳ የገዛሁትን ማንጎ ነው፤ ጋሸና ገበያ መድረስ ነበረበት። ወርጄ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደገፍኩና ሞተሩ እስኪበርድ መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። ይህ የመጀመሪያዬ አልነበረም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አጠገቤ ሲደርስ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እህቴ፣ እሷን የዶሮ ቤት አድርጊያት!" ብሎኝ አለፈ። ሳቄ አልመጣም። ማንጎው ፀሐይ ላይ ሲለሰልስ እያየሁ እዚያው ወሰንኩ፤ ሞተሯን አስቀይራለሁ።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን የሰጡት ከወንድሞቼ ይልቅ ለእኔ ነው፤ መንዳትም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማታውኑ ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ተለቅ ያለ የናፍጣ ሞተር ላስገባላት ነው።"

መቁጠሪያቸውን መግፋት አቆሙ። "አንቺ ልጅ፣ የበሬ ቀንበር አህያ ላይ ይጫናል? እሷ የተሠራችው ለትንሽ ሞተር ነው። ጭነቱን ቀንሺላት።"

"ጭነቱን ከቀነስኩማ ለነዳጁ እንጂ ለእኛ አይተርፍም።"

"እንዳሻሽ" አሉኝ። "ቁልፉን አንዴ ሰጥቼሻለሁ።"

ወልድያ ውስጥ የጠየቅኋቸው መካኒኮች ሌላ መኪና እንድገዛ መከሩኝ። አንዱ ጎልማሳ ብቻ ኮፈኑን ከፈተ፣ በሜትር ለካ፣ ጭንቅላቱን አከከ። "ይገባል" አለኝ። "ግን ሳይጣላን አይገባም።"

ከእሱ ጋር ኮምቦልቻ ሄደን ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ ሞተር ከነካምቢዮው አገኘን። መሬት ላይ እንዳለ አስነስተው አሰሙን፤ ድምፁ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ገዛሁት።

ከዚያ ጥሉ ተጀመረ። አሮጌው ሞተር የተቀመጠባቸው እግሮች ለአዲሱ አልገጠሙም፤ ተቆርጠው በሌላ ብረት ተበየዱ። ማራገቢያው ራዲያተሩን ነካ፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋነው። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ረዘመ፤ ተቆርጦ አጠረ። ኮፈኑም አልዘጋ ስላለ መሃሉን ቀደን ጉብታ አበጀንለት። በየቀኑ ከመኖሪያዬ ከመርሳ ወልድያ ጋራዡ ድረስ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ብሎን በናፍጣ አጥባለሁ፣ መብራት እይዛለሁ። የጋራዡ ሰፈር የባጃጅ ሹፌሮች ቆም እያሉ፣ "ዛሬስ ተነሳች?" ይሉኛል። "ኢንሻአላህ ነገ" እላቸዋለሁ።

በመጨረሻ ተነሳች። ልንሞክራት ወደ መርሳ አቅጣጫ ወጣን፤ ሲሪንቃ ሳንደርስ ከሥራችን ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። አንደኛው እግር ከብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ሞተሩ ወደ ጎን ተንጋዷል። ተጎትተን ተመለስን። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዓይኔን ማየት ፈራ።

"እህቴ፣ ይብቃን መሰለኝ። ሞተሩን የሚገዛሽ ሰው አፈላልግልሻለሁ።"

ጎንበስ ብዬ ስንጥቁን አየሁት። "የተሰበረው ብረት ነው" አልኩት። "ወፈር ያለ ብረት ፈልግ።"

ፈለገ። በወፍራም ብረት ሠርቶ ከሥር ደግሞ ድጋፍ ጨመረበት። በዚህ መሃል አባቴ ሳይነግሩኝ ጋራዡ ድረስ መጡ። ዙሪያዋን ዞሩ፤ ፊቷን በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት።

"ከፊት ጎንበስ ብላለች፤ ባሌስትራ ጨምሩላት" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ፍሬኗስ?"

እኔና መካኒኩ ተያየን። ስለ ፍሬን አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

"ዳገት የሚያወጣሽን ገዛሽ። ቁልቁለት የሚያወርድሽንስ?"

ተናደድኩ። የማንጎው ወቅት እያለቀ ነበር፤ እንደገና መጠበቅ ማለት የዓመቱን ገበያ ማጣት ነው። ግን እውነታቸውን ነው፤ ክብደቷም ፍጥነቷም ጨምሯል። ባሌስትራውን ጨምረን ከትልቅ መኪና የወጣ ፍሬን አስገጠምን። ማንጎው በዚያው አመለጠኝ።

ስለዚህ ድልብን የወጣሁት ሽንኩርት ጭኜ ነው። አባቴ አጠገቤ ተቀመጡ። "ቢስሚላህ" አሉ። ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና እግሬን ጫን አደረግሁ። ሞተሩ አጓራ፤ አልቆመም። ኩርባውን ዞርን፣ ሌላውን ዞርን፤ የሙቀት መለኪያው ቀስት መሃል ላይ እንዳለች ናት። አባቴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ ቆምኩና ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። የሚጨስ፣ የሚፈስ ነገር የለም። ተመልሼ ገባሁ።

"እህስ አባባ?"

"ሦስተኛ ማርሽ ትችል ነበር" አሉ። "አንቺ ፈርተሽ ነው።"

ሳቅሁ፤ እሳቸውም መሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ሳያስጠነቅቁኝ "ያዢው!" ብለው ጮኹ። ፍሬኑን ረገጥኩት፤ መኪናዋ ሳትዋልል ቀጥ ብላ ቆመች።

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። "አሁን ንጂ።"

ጋሸና ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወረዱና ሽንኩርት የሚጠብቁትን ነጋዴዎች፣ "ቶሎ አውርዱላት፤ ተመልሳ የምትጭነው አላት" አሏቸው።