በወንድሜ ልክ የተሰፋው ሐር

ሐር ሲቆረጥ ድምፅ አለው። ሰው በሹክሹክታ የሚጠራችሁ ይመስላል። ልጅነቴን ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። እማዬ ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ በነበረችው ቤታችን ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፋ፣ ተንበርክካ ትቆርጣለች። ሐር ያንሸራትታል፣ ጠረጴዛ ላይ አይያዝም ትል ነበር። መስመሩን የምታሰምረው በሳሙና ስባሪ ነው። የሳሙናው ሽታ፣ ከጎረቤት የሚመጣው ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ቅቅል እንፋሎት፣ የከሰል ካውያው እርጥቡን ሐር ሲነካ የሚወጣው የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ጠረን... የእኛ ቤት የሚሸተው እንዲህ ነበር። እዚያ ያደጋችሁ ታስታውሱ ይሆናል።

እኛ እንግዲህ ከአዲስ አበባ መጥተን ካምፓላ የቀረን ነን። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት አይውልም፤ እማዬ ቤቷ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። የአገሩ ቋንቋ ሉጋንዳ አልገባ ስላላት አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እኔም ትምህርቱ ባይገባኝ የሰፈሩን ቋንቋ ከመንገድ ለቃቅሜያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ታደለ ጎረምሳ ነው፤ ረጅም፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ። በዚያ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ እማዬንም ሰፈሩ ሁሉ ማማ ታደለ ይላታል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ማማ ሮበርት በጋዜጣ የተጠቀለለ ሐር ይዛ መጣች። ግራጫ ነው፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ። ያላት ልጅ ሮበርት ብቻ ነው። ለሥራ ሩቅ አገር እንደሄደ፣ ሲመለስ ሽማግሌ ይዞ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ቤት እንደሚገባ ነገረችን። ለዚያ ቀን ሙሉ ልብስ ይሰፋለት አለች።

«ልኩስ?» አለች እማዬ።

«የአንቺ ልጅ አለ አይደል! ቁመታቸው አንድ ነው። በእሱ ላይ ስፊው።»

እማዬ ትንሽ አመነታች። የሰው ልክ እንደ ጥላው ነው፣ ለሌላ አይዋስም ትል ነበርና። ግን ሠርግ ነው፣ ሠርግ ምን ክፉ አለው? ሜትሯን አንስታ ታደለን ለካችው። ለዝቅተኛው ትከሻው ሳይቀር አስተካክላ ቆረጠች።

ልብሱ በሚሞከርበት ቀን ሁሉ ማማ ሮበርት ትመጣለች። ዱካ ላይ ቁጭ ትልና ታደለን ታየዋለች። ማየት ብላችሁ! ዓይኗ አይርገበገብም። ሂድ በዪው ትለኛለች፣ ዙር በዪው፣ ቁጭ ይበል። አንድ ቀን «ይሳቅ እስቲ» አለችኝ። ታደለ አፍሮ ሳቀ፤ እሷ ፊቷን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። ሌላ ቀን ረስታ «ሮበርት» ብላ ጠራችው። ቀልደኛው ወንድሜ «አቤት!» ቢል እማዬ ጀርባውን በሜትር ሾጥ አደረገችው።

«በሰው ስም ሲጠሩህ አቤት አይባልም፣ አንተ ደረቅ!»

ኪስ እንዳይኖረው ስትል ደግሞ ሁላችንም ገረመን።

«ቀለበቱን በጥርሱ ይዞ ሊሄድ ነው?» አለች እማዬ፤ ይህን አታስተርጉሚ ብላ በዓይኗ ገሰጸችኝ።

«እማዬ፣ ኪስ ከሌለው ባዶ መሆኑን አማቶቹ አያውቁበትም» አለ ታደለ። ስንስቅ ማማ ሮበርትም አብራን ፈገግ አለች። ምን እንዳልን ሳታውቅ።

ልብሱን ከወሰደች በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት ከቤቷ ጩኸት ተሰማ። እነዚያ ካሎሊ የሚሏቸው መላጣ ትልልቅ ወፎች ቆርቆሮው ላይ ተደርድረው ቆመዋል፣ እንደ ለቀስተኛ ሽማግሌ። ሮበርት ለካ የትም አልሄደም። ያኔ ሰው ስሙን በማይጠራው በሽታ ተይዞ ከጓዳ ተኝቶ ኖሯል።

ሦስታችን ለልቅሶ ሄድን። ሳሎኑ መሀል ሳጥኑ ክፍት ነው። ውስጡ ግራጫው ሐር፣ ኪስ የሌለው።

በእኛ ወግ ሬሳ በነጭ ይገነዛል እንጂ ኮትና ሱሪ አይለብስም። ሙሉ ልብስ ለመቃብር ይሰፋል ብሎ የማናችንም ልብ አልጠረጠረም። ፊቱ የማናውቀው ሰው ነው፣ የከሳ። ከአንገት በታች ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ የተኛው ወንድሜ ነው። ታደለ ወደ በሩ አፈገፈገ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ።

እማዬ ክንዴን ጨመደደችው። «ልብሱን አውልቁልኝ በያት! ልጄን በቁሙ ልትቀብረው ነው በያት!»

አስተረጎምኩ። ማማ ሮበርት ከምንጣፉ ሳትነሳ እማዬን ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ ሲከሳ ሲከሳ ልክ አጣ። ደህና ሳለ እንዴት ይቆም እንደነበር ያየሁት በአንቺ ልጅ ላይ ነው።»

እማዬ ሄዳ ኮሌታውን ያዘች። ልታወልቀው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቆማለች። ኮቱ ባዶ ነበር። ትርፉን ከሁለት ጎን ወደ ጀርባው አጥፈው ሸጉጠውታል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል፤ የአባቱን ልብስ የለበሰ ሕፃን ነው የሚመስለው። እማዬ ደረቷ ላይ ከምትሰካው መርፌ አንዱን ነቀለች፣ ክር አስገባች፣ ተንበረከከች። እጅጌውን አጠረች። ጎንና ጎኑን አጠበበች። መጨረሻ ግራ ትከሻውን ፈትታ፣ ከቀኙ እኩል አንስታ ሰፋችው። ማንም አልከለከላት። ማማ ሮበርት ተነስታ መጥታ ጨርቁን ወጠር አድርጋ ያዘችላት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን በፊት ያለ እኔ ተግባብተው አያውቁም።

«አሁን ልክህ ነው፣ ልጄ» አለችው እማዬ ለሟቹ፣ በአማርኛ። እነሱ ሬሳ የሚገንዙበትን፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ቡናማ ጨርቅ አመጡና ጠቀለሉት።

ለሮበርት አዝና ነው ወይስ የልጇን ልክ ከሬሳው ላይ እየመለሰች? ሁለቱም ይሆናል። አልጠየቅኳትም። ስንመለስ ግን ታደለን ከፊት አስቀድማ፣ ቀዩ አፈር ላይ ጥላውን እያየች ነው የተራመደችው።

እማዬ ዛሬ የለችም። ታደለ እዚያው ካምፓላ፣ ንቲንዳ ሰፈር ይኖራል፤ ቦርጩን እየዳበሰ፣ ያ ሱሪ ዛሬ አንድ እግሬንም አያስገባም ይላል። እኔ ግን ሐር ሲንሿሿ አሁንም እፈራለሁ። በዚህ ሰሞን ልጄ ሊያገባ ነውና ለራሱ የሐር ሙሉ ልብስ አሰፋ። ፊት ለፊትና በጎን ፎቶ ተነስቶ በስልክ ልኮት፣ ልኩ ከዚያው ወጣ።

«ማነው የሚሰፋልህ?» ብለው ሳቀ።

«ኧረ እማ፣ ልክ የሚወስደው ስልኩ ነው፣ ሰው የለበትም።»

ሰው የለበትም! ልብሱ በቦዳ ሞተር ሳይክል መጣ፣ በላስቲክ ታሽጎ። ለበሰው፣ እጥፋት የለ፣ ስህተት የለ። መስታወቱ ፊት ቆሞ እንዴት ነው ይለኛል፣ ያምራል እላለሁ፣ እውነትም ያምራል። በእማዬ ጊዜ ፍርሃት እንኳ ጎረቤት ነበር፤ መንገድ ተሻግረሽ፣ ደጁን ገፍተሽ ትገቢበታለሽ፣ እናት ከእናት ጋር ትያያለሽ። የእኔ ልጅ ልክ የት እንዳደረ፣ በማን ላይ እንደተሞከረ፣ ሄጄ የምጠይቃት አንዲት ሴት የለችም።